ቆቅ አምባ ሰው ስትፈልግ

አክስቴ ኡሙሀኒ ፒያሳ የመጣችው ሰው አድና ልትወስድ ነው ብዬ ከልቤ ያመንኩት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ዛሬ ይህን ሳወራ ቤተሰቡ በሙሉ ይስቃል፤ ከሁሉም አብልጣ የምትስቀው ራሷ አክስቴ ናት። ያኔ ግን ለእኔ የሳቅ ነገር አልነበረም። አባቴን ላጣ ነው ብዬ ምግብ አልወርድ ብሎኝ ነበር።

ቤታችን ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ መንገድ ዳር ነበር። ፊት ለፊቱ የአባቴ የልብስ ስፌት ቤት ነው፤ ከመጋረጃው ኋላ ያለችው ክፍልና ጓዳዋ ደግሞ የእኛ መኖሪያ። አባቴ የሲን ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ጓዳ ያለው ብርጭቆ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደንበኛ ሲመጣ ሜትሩን ከአንገቱ ያወርድና “ትከሻ... ደረት... ክንድ...” እያለ ይለካል። እኔ ባንኮኒው ሥር ተቀምጬ ቁርጥራጭ ጨርቅ ስለቅም ስላደግሁ “ትከሻ” የሚለውን ቃል ከስሜ እኩል ነው የማውቀው።

አክስቴ የደረሰችው በጥቅምት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት የታክሲ ረዳቶቹን ሳቅ ነው። ከድልድዩ በኩል አንዲት ረጅም፣ ቀጭን ሴት ከራሷ ቁመት የሚበልጥ የጥንቅሽ እስር ተሸክማ፣ መኪናውን ሁሉ አስቁማ፣ መሀል መንገዱን ይዛ ትመጣለች።

“ማዘር፣ ጫካውን ይዘውት መጡ እንዴ?” አላት አንዱ ረዳት።

“እኔ ምን አቅም አለኝ ልጄ፤ እሱ ነው ይዞኝ የመጣው” አለችና አንድ አገዳ መዝዛ አቀበለችው። ረዳቱ ሳቁን ትቶ ጥንቅሹን መላጥ ጀመረ።

አባቴ ድምፅዋን ሲሰማ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። “እትዬ!” አለ። ታላቅ እህቱ ናት። እጅ ተሳሳሙ። ከዚያ ቀኝ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈችና፣ አባቴ ራሱ ለአረፋ በግ ሲገዛ እንደሚያደርገው፣ በጣቶቿ ጫን ጫን አደረገችው።

“አለ። ገና አልከዳም። አልሀምዱሊላህ” አለች።

አባቴ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ አባቴ በጉን እንደዚያ ከነካ በኋላ በጉ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ።

እናቴ ዐፊፋ እግሯን አጥባ፣ እህል አቅርባ፣ ትልልቆቹ ከመጋረጃው ኋላ ተቀመጡ። እኔ ባንኮኒው ሥር ሆኜ ጥንቅሽ እየመጠጥሁ እሰማለሁ።

“ቆቅ አምባ እንዴት ናት?” አለ አባቴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“እያጣጣረች ነው። ሰው ካላገኘች ለከርሞ አትደርስም።”

“ያን ያህል?”

“ያን ያህል። ደህና ደህናውን ሁሉ ጨረሰች። እኔ የመጣሁት ትከሻ ፍለጋ ነው የሲን። ቢያንስ አራት የወንድ ትከሻ ሳልይዝ ወደ እሷ አልመለስም።”

“አላህ ያግዝዎት፣ እትዬ” አለች እናቴ።

ጥንቅሹ አፌ ውስጥ እንደ ጭድ ሆነ።

አባቴ የተወለደበትን መንደር “አገር ቤት” ከማለት በቀር በስሙ ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ቆቅ አምባ ማለት ለእኔ አንዲት አሮጊት ናት። ሩቅ ቦታ፣ ጨለማ ቤት ውስጥ ተኝታለች፤ ታማለች፤ መድኃኒቷ ሰው ነው፤ ከሰውም ትከሻው። አክስቴን ደግሞ የላከቻት እሷ ናት። ይህን ሁሉ አንድ ከሰዓት በኋላ ባንኮኒ ሥር ሆኜ ጨረስሁት። የሚያስተካክለኝ ሰው አልነበረም፤ ማንንም አልጠየቅሁማ።

አሁን እንደማውቀው፣ ቆቅ አምባ በገደል አፋፍ ላይ የተሠራች የድንጋይ መንደር ናት። ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የቆሙ ናቸው። ሴቱ ጥጥ ይፈትላል፣ ወንዱ ይሸምናል፤ ከአምባው በታች ባለው እርከን ማሽላ ይዘራል። አያቶቻቸው የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅም ትልቅ ጉድጓድ ከድንጋይና ከኖራ ሠርተውላቸው ነበር። ጉድጓዱ ሲሰነጠቅ ውሃው ሄደ፤ ውሃውን ተከትሎ ሰው ሄደ። ወጣቱ ግማሹ ጅቡቲ፣ ግማሹ ጅዳ፣ የቀረው ፒያሳና መርካቶ። የሚያድሰው ያጣው እርከን በየክረምቱ እየተናደ ማሽላውን ይዞት ወረደ። የብዙ ቤት በር በእሾህ ተዘጋ። አክስቴ ወደ አዲስ አበባ የተነሣችው የመንደሩ አስተማሪ “የማስተምረው ልጅ አጣሁ” ብሎ ሻንጣውን ባሰረ ሳምንት ነው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ አክስቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። የከተማውን መንገድ አታውቅም፤ እጇን ይዤ የማዞራት እኔ እንድሆን ተወስኗል። እምቢ ማለት ቃጣኝ፤ ግን እጇ ሞቅ ያለ፣ ሻካራ እጅ ነበር፤ እንደያዘኝም አለቀቀኝ። ጎዳና ስንሻገር እጇን ወደ ሚኒባሶቹ ዘርግታ “ሃይ!” ትላለች፤ እንደ ከብት። የሚገርመው ይቆማሉ።

መጀመሪያ የሄድነው ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ያለ የጨርቅ መደብር ነው። እዚያ ሰላሀዲን የሚባል፣ አልፎ አልፎ ቤታችን እየመጣ ከረሜላ የሚሰጠኝ ሰው ይሠራል። ጥቅል ጨርቅ ከመኪና ላይ እያወረደ በጀርባው ያስገባል። አክስቴን ሲያይ ሸክሙን ጥሎ እጇን ሳመ። እሷ ግን እጁን አልመለሰችለትም፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘርግታ ታገላብጣቸው ጀመር።

“እነዚህ ጣቶች መወርወሪያ ሲወረውሩ ያየ ሰው፣ ዛሬ ጆንያ ይሸከማሉ ቢሉት ያምናል?”

“ጆንያው ያበላኛል፣ እትዬ ኡሙሀኒ። ሽመናው አላበላኝም።”

“አሁን ቢያበላህስ? ሴቶቹ ፈትለው ክሩን ቆልለው ቁጭ ብለዋል። ሸማኔ ነው የታጣው። ሽርጡን አንተ ሥራው፤ የሲን እዚህ ሱቁ ላይ ሰቅሎ ይሽጠው። ትናንት ተስማምተናል።”

ሰላሀዲን ጥቅሉ ላይ ቁጭ አለ። መደብሩ ውስጥ የአዲስ ጨርቅ ሽታ ነበር፤ ጋዝና ስታርች የተቀላቀለ ሽታ። “የአባቴ ቤት ቆሟል?” አላት።

“ጣሪያው ወድቋል። ግድግዳው እየጠበቀህ ነው።”

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አሮጊቷ እንደመረጠችው ነግራው ነው ብዬ አዘንሁለት፤ ኪሴ ውስጥ የነበረችውን ጥንቅሽ ሰጠሁት፤ እሷን ሲያይ ደግሞ ባሰበት። ያ ሰው ለዓመታት ጀርባውን እንጂ እጁን የጠየቀው አልነበረም። ያለቀሰው ለዚህ እንደሆነ የነገረኝ ብዙ ቆይቶ፣ የራሱን ልጅ ሲድር ነው።

በሳምንቱ በዚያ ሳልፍ ጥቅሉን የሚያወርደው ሌላ ሰው ነው።

“ሰላሀዲንስ?” አልሁት የመደብሩን ባለቤት።

“እሱንማ ቆቅ አምባ ወሰደችው” ብሎ ሳቀ።

ሮጬ ቤት ገባሁና አባቴ እግር ሥር ተቀመጥሁ። የዚያን ቀን ከስፌት መኪናው ሥር ሊያስወጣኝ የቻለ የለም።

ከሰላሀዲን በኋላ ግን አክስቴ አልቀናትም። አራት ኪሎ ፎቅ የሚሠራ፣ አብዱልሙሀይሚን የሚባል ግንበኛ ዘንድ ወሰድኋት። ዕድሜው ከአባቴ ይበልጣል፤ ጢሙ ውስጥ ሲሚንቶ ገብቶ ሽበት ይሁን አቧራ አይለይም። ከመወጣጫው ሳይወርድ፣ “እኔ እዚህ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነኝ፤ እዚያ ወርጄ ካብ ልክብ?” አላት። ሌላው “ልጆቼ ትምህርት ላይ ናቸው” አለ። ሌላው “ከረመዳን በኋላ” አለ። አንዱ ሲያየን በጓሮ በር ወጣ። አክስቴ ማታ ማታ እናቴ በጨው ውሃ የምታጥብላት እግሯን እያየች ትቀመጣለች። እንባዋ ሲወርድ አይቻለሁ። አሮጊቷ ትቆጣኛለች ብላ ፈርታ ነው አልሁ፤ ትንሽም አሳዘነችኝ።

በመጨረሻ፣ ፒያሳ ያሉትን የቆቅ አምባ ሰዎች ሁሉ ቤታችን ጠራቻቸው። ዓርብ ነው፤ ከጁምዓ ሶላት በኋላ። እናቴ ባንኮኒውን ገፍታ ምንጣፍ ዘረጋች። ቤቱ ሞልቶ ሰው እስከ በሩ ተቀመጠ። እኔ ውሃ በብርጭቆ እያዞርሁ የየሰዉን ትከሻ እመለከታለሁ።

አክስቴ ተናገረች። ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ እርከኑ፣ ስለ ክሩ ተናገረች። ሰዎቹ አንገታቸውን እየነቀነቁ “ልክ ነሽ፣ ልክ ነሽ” ይላሉ፤ ነገር ግን አንዱም አይነሣም። አብዱልሙሀይሚን የብርጭቆውን ቂጥ ያያል። አክስቴ ወደ አባቴ ዞረች።

“የሲን፣ አንተስ?”

አባቴ አንገቱ ላይ ያለውን ሜትር በጣቱ ይጠቀልል ጀመር። “እኔማ፣ እትዬ... ሱቁስ... ልጆቹስ...”

ብርጭቆው ከእጄ ወደቀ። መሀል ምንጣፉ ላይ ቆሜ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህሁ። “አባዬን ለቆቅ አምባ አትሰጪያትም! ትከሻውን ልትበላው ነው! ሰላሀዲንን በልታዋለች!”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። አክስቴ ብቻ አልሳቀችም። አጠገቧ አስቀመጠችኝና፣ ሰዉን ሁሉ ትታ፣ ለእኔ ብቻ እንደምታወራ ሆና ጀመረች።

“ትከሻ ለምን እንደምፈልግ ልንገርሽ፣ ረይሁ። አያትሽን አላወቅሽውም፤ የእኔና የአባትሽ አባት ነው። ሲታመም ቆላ ወዳለው ጤና ጣቢያ አወረድነው፤ እዚያ ሞተ። ጀናዛውን ወደ ቆቅ አምባ ማውጣት ነበረብን። ዳገቱን እነዚህ ሁሉ ያውቁታል። ድሮ ወንዱ እየተሻማ ነበር የሚሸከም፤ አንዱ ሳይደክመው ሌላው ይቀበለዋል። ያን ቀን መንደሩ ውስጥ የቀሩት ወንዶች ባለ ምርኩዝ ናቸው። ምርኩዙን ይያዙት ወይስ ቃሬዛውን? እኛ ሴቶቹ ተሸከምነው።”

ሳቁ ጠፋ።

“ወግ እንዳልሆነ እናውቃለን። ኢማሙ ፊታቸውን አዙረው አለቀሱ፤ ‘አላህ ያያል፤ ውሰዱት’ አሉን። ግማሽ መንገድ ላይ የአንዷ ጉልበት ከዳት። ቃሬዛው ወደቀ። አባቴ ከነከፈኑ ድንጋይ ላይ ወደቀ፣ ረይሁ። አፈሩን አራገፍንና እንደገና ተሸክመን ቆቅ አምባ አደረስነው። ያን ቀን ማልሁ። እዚያች አምባ ላይ ከእንግዲህ ሰው ሲሞት ወጉን የሚያደርስ ትከሻ ይኖራል፤ ሰው ሲወለድም የሚያሳድግ እጅ ይኖራል ብዬ።”

አባቴ ፊቱ አመድ መስሏል።

“ስደውልልሽ ‘ቀብሩ በወጉ ሆነ’ አልሽኝ’ኮ” አላት።

“እንባህን በስልክ ልሰማው አልቻልሁም፣ ወንድሜ። ስለዚህ ነው።”

አባቴ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። “መቼ ነው የምንሄደው?” አለ።

አብዱልሙሀይሚን ብርጭቆውን አስቀመጠ። “ጉድጓዱን የሠራው የእኔ አያት ነው። ከተሰነጠቀ የሚጠየቀው የእኔ ቤት ነው። ፎቁን ሌላ ሰው ይጨርሰው።”

በዚህ መሀል ከበሩ በኩል ድምፅ ተሰማ። ቧንቧ ሠራተኛው ጎረቤታችን እምሩ ነው። ሊያሳጥር የሰጠውን ሱሪ ሊወስድ መጥቶ፣ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቆሞ ሲሰማ ነበር።

“ይቅርታ አድርጉልኝ። ጉድጓድ ነው ያላችሁት? ቧንቧ አለው?”

“ውሃም የለው፣ እንኳን ቧንቧ” አለች አክስቴ።

“የአራዳው ጊዮርጊስ! እማማ፣ እኔ ፒያሳ ተወልጄ ፒያሳ ያደግሁ ነኝ፤ ከእንጦጦ ወዲያ አገር መኖሩን የማውቀው በካርታ ነው። ግን ቧንቧ የሌለው ውሃ ሰምቼ ዝም አልልም። እኔንም ደምሩኝ።”

“እምሩ፣ ዳገት ነው፤ ማኪያቶ የለም” አለው አባቴ፤ ዓይኑ ገና እንደራሰ ነው።

“ማኪያቶ ከሌለማ ቶሎ ጨርሼ እመጣለሁ፣ አቦ!”

ሰዉ እንደገና ሳቀ፤ አሁን ግን ሌላ ሳቅ ነበር። አክስቴ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ዱዓ አደረገች። እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ነው። አያቴንም ተሸክመው ለአሮጊቷ አድርሰውላታል።

በኅዳር ወር ሄዱ። እናቴ ስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠች፤ ለካ ከአባቴ የፈጠነ እጅ ነበራት። እኔ በየቀኑ ድልድዩ ድረስ ወርጄ እጠብቃለሁ። አባቴ የመጣው ጥር ሲጋመስ ነው፤ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ጥርሱ ብቻ ነጭ ሆኖ። አንገቱ ላይ ተጠመጠምሁ። ማታውን ሸሚዙን ሲያወልቅ ግን ጮህሁ፤ ሁለቱም ትከሻው ተልጦ ቆስሏል።

“ማን ነከሰህ?”

እናቴ ቫዝሊን እየቀባችው ነው። አባቴ ወደ ኋላው አይቶ ፈገግ አለ። “ቆቅ አምባ” አለኝ።

ከዚህ በላይ ማስረጃ ያስፈልጋል? እሱ ግን ድንጋይ በትከሻው ሲያመላልስ መክረሙን፣ አባቱ መቃብር አጠገብ ቁጭ ብሎ ቁርዓን መቅራቱን፣ ከዚያ ወዲህ የተረጋጋ እንቅልፍ መተኛት መጀመሩን እያሰበ ነበር የሚስቀው።

በመጋቢት ከትምህርት ቤት አስፈቅዶ “ነይ ላሳይሽ” አለኝ። እኔ ልሙት፣ እሱ ይትረፍ ብዬ ሄድሁ። አውቶቡሱ አንድ ቀን ፈጀ። በማግስቱ ዳገቱን ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን በዚያው በዳነው ትከሻው ላይ ሆኜ ወጣሁት። አናቱ ላይ ስንደርስ ንፋስ ፊቴን መታኝ። ድንጋይ ቤቶች አየሁ። ከአንዱ ቤት “ጧ... ጧ...” የሚል የሽመና ድምፅ ይመጣል። በሩ ተከፈተና ሰላሀዲን አንገቱን አወጣ፤ ሙሉ ሰው፣ ከነትከሻው፣ ከነከረሜላው።

“አባዬ፣ አሮጊቷ የት ናት?” አልሁት ቀስ ብዬ።

“የቷ አሮጊት?”

“ቆቅ አምባ።”

አባቴ አየኝ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። “ቆመሽባታል’ኮ፣ ልጄ” አለኝ።

መሬቱን አየሁ። አንድ እግሬን አንሥቼ መልሼ አኖርሁት። ምንም አላደረገችኝም።

በበነጋው ከሰዓት ደመናው ጠቆረ። ጉድጓዱ ተጠርጎ፣ ስንጥቁ ተደፍኖ፣ በኖራ ተለስኖ የመጀመሪያውን ዝናብ ይጠብቃል። የሚያፈስ ከሆነ የበጋው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው፤ ከፒያሳ የመጡት ሰዎችም ወደ ፒያሳ። ዝናቡ ሲወርድ ማንም ቤቱ አልገባም። ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ልጁ ሁሉ በጉድጓዱ ዙሪያ ቆሞ ይደበደባል። ውሃው በቦዩ እየተንደረደረ ሲገባ ይሰማናል። አብዱልሙሀይሚን ከታች በኩል፣ ከግድግዳው ሥር ተንበርክኮ፣ ሲሚንቶ ያነተበውን እጁን በየድንጋዩ መሀል እየሰደደ እርጥበት ይፈልጋል። አክስቴ አጠገቤ ናት፤ እጄን ጨብጣ አጥንቴን ልትሰብረው ደርሳለች።

ዝናቡ አባራ። አብዱልሙሀይሚን መዳፉን አይቶ፣ በሸሚዙ ጠርጎ፣ እንደገና ዳሰሰ። ከዚያ ቀና አለ።

“ደረቅ ነው” አለ። ድምፁ ተሰበረበት። “ወላሂ ደረቅ ነው!”

“ገና ነው፣ ገና!” አለ እምሩ፣ ከወደ ታች፣ መንደሩ መሀል ካቆመው ቧንቧ ጋር እየታገለ። “እኔ ሳልጨርስ እልል እንዳትሉ!” ቧንቧውን ከፈተው። መጀመሪያ እንደ እባብ “እስስስ” አለ። ቀጥሎ ቡናማ ውሃ አንዴ ተፋና እምሩን ከአፍንጫው እስከ ደረቱ ለቀለቀው። ቀጥሎ ጠራ። ቀጥሎ እንደ ክንድ ወፍሮ ወረደ።

ያን ቀን የሰማሁትን እልልታ ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ሠርግ አልሰማሁም። እምሩ ጭቃውን ሳይጠርግ ትከሻውን እየሰበቀ ጨፈረ፤ አባቴ፣ ያ ዝምተኛ ልብስ ሰፊ፣ አብሮት ዘለለ። አንዲት ባልቴት ማሰሮዋን ሞልታ፣ አውርዳ፣ ግራ ቀኙን ታያለች። ዕድሜዋን ሙሉ ለውሃ ወንዝ ወርዳ ስትወጣ ነው ቀኑ የሚመሽባት።

“እንግዲህ የቀረውን ቀን ምን ልሥራበት?” አለች።

“ፍተይልኝ!” አለ ሰላሀዲን። “ክር እያለቀብኝ ነው!”

ሁሉም ነገር ከዚያ በኋላ ቀና ማለት አይደለም። ከተመለሱት አንዱ ዳገቱ መረረውና በዓመቱ ጅቡቲ ገባ። የመጀመሪያው ሽርጥ ቀለሙ እየለቀቀ የደንበኛ ስድብ አባቴ ላይ ወረደ። ነገር ግን ሁለተኛው አልለቀቀም፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ሰው ራሱ “የቆቅ አምባውን” እያለ ይጠይቅ ጀመር። አንድ ሸማኔ ሌላውን ጠራ፤ ሸማኔ ሚስት አገባ፤ እርከኑ ተካበ፤ ልጅ ተወለደ፤ አስተማሪ ተመለሰ። የድልድዩ ቤታችን ፈርሶ አባቴ ሱቁን ወደ ሌላ ሰፈር ቢያዛውርም ሽርጡ ዛሬም በሩ ላይ ይሰቀላል። እምሩ “ቶሎ ጨርሼ እመጣለሁ” እንዳለ በየዓመቱ ይሄዳል፤ በየዓመቱም ይዘገያል። እኔም ከዚያ ጉዞ ወዲህ በዓል ሲመጣ ከዚያ ሌላ የምሄድበት አላውቅም።

ባለፈው ወር ሄጄ ነበር። ጠዋት ከአክስቴ ቤት በጩኸት ነቃሁ። ሰባ ያለፋት ኡሙሀኒ ደጇ ላይ ቆማ፣ ምርኩዟን ወድራ፣ ከሰላሀዲን ልጅ ጋር ትጣላለች። ልጁ አዲስ ሊያገባ ነው፤ ከእሷ ግድግዳ አስጠግቶ ቤት እየጀመረ ነው። ከኋላው ጎረምሶች ድንጋይ ያቀብላሉ፤ በዙሪያው የሰፈር ሕፃን እንደ ጫጩት ይርመሰመሳል፤ ከየቤቱ የሽመናው ድምፅ “ጧ ጧ” ይላል።

“የጠዋት ፀሐዬን ልትከልልብኝ!” ትላለች።

“እማማ፣ አምባው ሞላ። የት ልሥራ?”

“ሞላ? ያ አላህ! ጠዋት በሩን ስከፍት ሰው! ውሃ ልቀዳ ስወጣ ወረፋ! እግሬን የማሳርፍበት አጣሁ’ኮ! ሰው በዛ! ወላሂ ሰው በዛብኝ!”

ይህን ብላ የወደረችውን ምርኩዝ አወረደች። ምን እንዳለች ራሷን የሰማችው ያኔ መሰለኝ። ወደ እኔ ዞረች፤ አፏን በመዳፏ ከደነች፤ ዓይኖቿ ግን ይስቃሉ። ምርኩዟን ለእኔ ሰጠችኝ። ከተቆለለው ድንጋይ መሀል ጎንበስ ብላ አንዱን መረጠች፣ አገላበጠችው፣ በሁለት እጇ አንሥታ ለልጁ አቀበለችው።

“እንካ፣ ይሄን ለማዕዘኑ አድርገው” አለችው፣ ከእምሩ በተማረችው የአራዳ ቋንቋ፤ “ያኛው ድንጋይህ ቀሽም ነው።”